እንጦጦ ላይ ብስክሌት ሲበላሽ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ የሚያወጣው ዳገት ትንፋሽ ይቆርጣል። አናቱ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ከዚያ በባህር ዛፉ መሃል፣ በጠጠርና በዛፍ ሥር ላይ ቁልቁል መንዳት ደግሞ ልብ ያሞቃል። ጫካው ውስጥ ግን ጎሚስታ የለም። የሆነ ነገር ሲበላሽ ያላችሁ ቦርሳችሁ ውስጥ የያዛችሁት ብቻ ነው።

እንዳየሁት ከሆነ ሰው ብስክሌቱን እየገፋ እንዲመለስ የሚያደርገው ብዙ ጊዜ ብልሽቱ ራሱ አይደለም። ከብልሽቱ በኋላ በችኮላ የሚደረገው ነገር ነው።

«ጎማው ቢተነፍስም ቀስ ብዬ እየነዳሁ እወርዳለሁ»

አይሆንም። አየር የሌለው ጎማ ቸርኬውን ከድንጋይ አያድነውም። ከመነዳሪው ይቆራረጣል፣ ቸርኬውም ይጎብጣል። በአንድ ጠጋኝ የሚያልቅ ነገር ቸርኬ ያስገዛችኋል። ወይ እዚያው ጠግኑ፣ ወይ ወርዳችሁ ግፉ።

«አዲስ ከመነዳሪ ካስገባሁ አለቀ»

በዚህኛው እኔም ተቸግሬያለሁ። አንድ ቅዳሜ ጠዋት የኋላ ጎማዬ ተነፈሰ። አዲስ ከመነዳሪ ቀየርኩ፣ ነፋሁ፣ ተነሳሁ። አምስት ደቂቃ እንኳ ሳልነዳ ደግሞ ተነፈሰ። ለካስ የቀጋ እሾህ የውጪው ጎማ ላይ ተሰክቶ ቀርቷል። ከውጪ አይታይም፤ ወደ ውስጥ ብቅ ያለው ጫፉ ብቻ ነው። አሮጌውን የወጋው እሾህ አዲሱንም ወጋው። ሌላ መቀየሪያ ስላልነበረኝ ሽሮ ሜዳ ድረስ ገፋሁ።

ስለዚህ ከመነዳሪውን ከመቀየራችሁ በፊት የጎማውን ውስጥ ዙሪያውን ፈትሹ። በባዶ ጣት ሳይሆን በጨርቅ ዳብሱት፤ እሾህ ካለ ጨርቁን ይይዘዋል። ሌላም ዘዴ አለ። ከመነዳሪውን ስታወጡ ቫልቩ ጎማው ላይ የት ጋ እንደነበር አስተውሉ። ከዚያ ከመነዳሪውን ነፍታችሁ ቀዳዳውን ስታገኙ ከቫልቩ ምን ያህል እንደሚርቅ ለኩ። በዚያው ርቀት ጎማው ላይ ፈልጉ፤ እሾሁ እዚያ አለ። አቅጣጫው ካምታታችሁ ከቫልቩ በግራም በቀኝም እዩ።

ቀዳዳው ጎን ለጎን ሁለት ከሆነ ግን እሾህ በመፈለግ አትድከሙ። ከመነዳሪው በድንጋይና በቸርኬ መሃል ተቆንጥጦ ነው። ይህ የሚሆነው አየሩ ሲያንስ ነው።

«እንዳይተነፍስ ጢም አድርጎ መንፋት ነው»

ለአስፋልት ይሆን ይሆናል። ጠጠር ላይ ግን እንደ ድንጋይ የጠነከረ ጎማ ይነጥራል እንጂ መሬት አይዝም። መጠምዘዣ ላይ ያንሸራትታችኋል። የሚፈቀደው የአየር ልክ ብዙ ጊዜ ጎማው ጎን ላይ ተጽፏል። ከትልቁ ቁጥር በደንብ ዝቅ ብላችሁ ጀምሩ፤ ከበድ ያለ ሰው ትንሽ ይጨምር።

«ደብሊው ዲ 40 ከተረጨበት ሰንሰለቱ ይለሰልሳል»

ይህ ፈሳሽ በ1953 አሜሪካ ውስጥ ሳን ዲዬጎ የተሠራ ነው። ስሙ ራሱ ውሃን ለማስወገድ የተደረገው 40ኛ ቅመራ ማለት ነው። የዛገ ብሎን ለማላቀቅ ግሩም ነው። ሰንሰለት ላይ ግን ቀጭን ስለሆነ አይቆይም፤ የነበረውንም ዘይት አጥቦ ይወስደዋል። የሚያስፈራኝ ደግሞ ዲስክ ፍሬን (ጎማው መሃል ያለውን ክብ ብረት በሸራ ቆንጥጦ የሚያቆመው) ላይ ሲፈናጠቅ ነው። የፍሬኑ ሸራ ዘይት ከጠጣ አይዝም። ያንን ይዞ እንጦጦን መውረድ ሕይወት ላይ መፍረድ ነው። የሰንሰለት ዘይት ግዙ፤ ጠብ ጠብ አድርጋችሁ ትርፉን በጨርቅ ጥረጉ።

«ሰንሰለት ከተበጠሰ ጉዞው አበቃ»

ሰንሰለት መፍቻና አንዲት መጋጠሚያ ቁራጭ ከያዛችሁ የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው። ሁለቱም ኪስ ውስጥ ይገባሉ። የተጎዳውን ቁራጭ አውጡ፣ መጋጠሚያዋን አስገቡ፣ ፔዳሉን ረገጥ አድርጋችሁ አጥብቋት። መጋጠሚያዋ ለራሳችሁ ሰንሰለት የተሠራች መሆን አለባት፤ የ9 ማርሹ ለ12 ማርሽ አይሆንም። ሰንሰለቱ አሁን አጥሮ ሊሆን ስለሚችል የፊቱንና የኋላውን ትልልቅ ማርሾች አንድ ላይ አትጠቀሙ። ዳገት ላይ በሙሉ ጉልበት እየረገጡ ማርሽ መቀየርም ሰንሰለት ይበጥሳል። ከመቀየራችሁ በፊት እግራችሁን ላላ አድርጉ።

«ማርሹ ካስቸገረ ሽቦውን ማጥበቅ ነው»

በቀኝ በኩል ወድቃችሁ ከነበረ መጀመሪያ ከኋላ ሆናችሁ እዩ። ማርሽ ለዋጩን የተሸከመችው ትንሽ ብረት ጎብጣ ይሆናል። በብዙ ብስክሌቶች ላይ ለስላሳ ተደርጋ የተሠራችው የብስክሌቱ አካል እንዳይሰበር እሷ እንድትጎብጥ ነው። እሷ ሳትቃና ሽቦ ማጥበቅ ምንም አይፈይድም። በዚያ ሁኔታ ወደ ኋላው ትልቁ ማርሽ አትቀይሩ። ማርሽ ለዋጩ ቸርኬውን የወጠሩት ቀጫጭን ሽቦዎች ውስጥ ገብቶ ሁሉንም ሊሰባብር ይችላል። መሃል ላይ ያለ ማርሽ መርጣችሁ እሱን ሳትለቁ ቤት ግቡ።

«ጎማው ተፈትቶ እያለ ፍሬን ብይዝ ምን ይሆናል?»

በዘይት የሚሠራ ዲስክ ፍሬን ከሆነ ሸራዎቹ ይገጥማሉ፤ ዲስኩ መልሶ አልገባም ይላል። ጎማውን እንደፈታችሁ የታጠፈ ካርቶን በሸራዎቹ መሃል አስገቡ። ከገጠሙም በጠፍጣፋ ካቻቢቴ ቀስ ብላችሁ ክፈቷቸው። ረጅም ቁልቁለት እንደወረዳችሁ ግን ዲስኩን በእጃችሁ አትንኩ፤ ቆዳ ያቃጥላል። መጀመሪያ ውሃችሁን ጠጡ፤ እስኪበርድ ጠብቁ፤ ከዚያ ጎማውን ፍቱ።