የመታሰቢያ ማማ ምንድን ነው? የድል ሐውልትስ መች ሆነ?

ሰሞኑን አንድ ጸሐፊ አሜሪካ፣ ራሌይ ከተማ፣ የሰሜን ካሮላይና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ደጃፍ ላይ ያለውን ባለሰዓት ማማ «የአንደኛው የዓለም ጦርነት የድል ሐውልት» ሲል አየሁት። ይህን ስሰማ የመጀመሪያዬ ቢሆን ባለፍኩት።

ወዳጄ፣ አዲስ አበባን ካወቅህ ልዩነቱን ታውቀዋለህ። አራት ኪሎ ያለው የሚያዝያ 27 ሐውልት የድል ነው። ሽቅብ ወጥተህ ስድስት ኪሎ፣ ዩኒቨርሲቲው ፊት ለፊት የምታገኘው የየካቲት 12 ሐውልት ግን የሰማዕታት ነው። አንዱን የሌላው ስም ብትሰጠው አዛውንቶቹ ምን ይሉሃል?

የራሌዩ ማማ በጦርነቱ የሞቱ የቀድሞ ተማሪዎች ተዝካር ነው። ቃሉም በግዕዝ መታሰቢያ ማለት ነው። ተዝካር ደግሞ ገንዘብ ሲያጥር ይራዘማል። የመሠረት ድንጋዩ በ1921 እ.ኤ.አ. ተቀመጠ፣ ብር አለቀ፣ ግንባታው ቆመ። ያለቀው በ1937 ነው። በይፋ የተመረቀው በ1949 ሲሆን፣ እስከዚያ ሌላ የዓለም ጦርነት አልፏል። ጠላው ሳይጣራ ሁለተኛ ለቅሶ ደረሰ ማለት ነው።

ቁመቱ 115 ጫማ፣ ወደ 35 ሜትር ነው። ከሥሩ ባለች ክፍል የተሰቀለው ሰሌዳም 35 ስም ይዟል። ከዚህ ምሥጢር የምትፈልጉ ተዉት፤ ሰዎቹ የለኩት በጫማ ነው።

«የደወል ማማ» ይሉታል እንጂ ደወል አልነበረውም። የሚሰማው ከድምፅ ማጉያ ነበር። እውነተኞቹ 55 ደወሎች የገቡት በ2021 ነው። ማማው ካለቀ 84 ዓመት ቆይቶ! ድግሱ አልቆ፣ እንግዳው ተበትኖ መዘምራኑ ሲደርሱ አስቡት።

እኔን የሚከነክነኝ ግን ሰሌዳው ነው። መዝገብ አገላብጬ የምኖር ሰው ነኝና ይቅርታ። ጆርጅ ኤል ጄፈርስ የሚባለው ወታደር ሞተ ተብሎ ስሙ ተቀረጸ። ሰውየው አልሞተም። በቁሙ ተዝካሩ ተደገሰ! ታዲያ ስሙን ፍቀው እንደማውጣት ፊደል ቀየሩለትና «ጆርጅ ኢ ጄፈርሰን» አደረጉት። እንዲህ የሚባል ሟች ተማሪ የለም። ስለዚህ «35 ሟቾች» ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት አንድ ቀንሱ።