የፍቅር ኮሜዲ ክፍል ሁለት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በጅማ ከፈረንጅ አራዳ እስከ መርካቶ ባሉት ፊልም የሚጭኑ ሱቆች ደጃፍ ጥቂት የቆመ ሰው ሁለት አነጋገሮችን ሳይሰማ አይመለስም። አንደኛው ፍላሹን ያቀበለ ደንበኛ የሚያነሣው «ክፍል ሁለት የለውም?» የሚለው ጥያቄ ሲሆን፣ ሌላው ያው ደንበኛ አፍታ ሳይቆይ የሚጨምረው «መቼም እንደ መጀመሪያው አይሆንም» የሚለው ብይን ነው። ይህ ሳያዩ የሚሰጥ ብይን በተለይ በፍቅር ኮሜዲ ላይ ይበረታል። ከፊሉ እውነት አለው፤ አብዛኛው ግን በጥንቃቄ ሲታይ የሚፈርስ ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

የተሳሳተ አመለካከት፦ «ሁለቱ ተዋናዮች ደግመው ከተጣመሩ ክፍል ሁለት ነው»

እውነታው፦ ጁሊያ ሮበርትስ እና ሪቻርድ ጊር በ1990 በ«ፕሪቲ ዉማን» ከተጣመሩ በኋላ፣ በ1999 በዚያው ዳይሬክተር በጋሪ ማርሻል መሪነት «ራናዌይ ብራይድ»ን ሠርተዋል። ተዋናዮቹም ዳይሬክተሩም አንድ በመሆናቸው ሁለተኛው የመጀመሪያው ተከታይ ይመስላል፤ ነገር ግን ገፀ ባሕርያቱ ሌሎች፣ ታሪኩም ሌላ ነው። በሕንድ ፊልም ደግሞ ስሕተቱ ይብሳል። ሻህ ሩክ ካን እና ካጆል የተወኑበት የ1995ቱ «ዲልዋሌ ዱልሃኒያ ሌ ጃዬንጌ» እና እነርሱው በ2015 የሠሩት «ዲልዋሌ» በስም ስለሚመሳሰሉ ብቻ እንደ ክፍል አንድ እና ክፍል ሁለት ሲታዩ ይገኛሉ፤ በታሪክ ግን አይገናኙም። በዚህ ላይ አንዱ ትርጉም ፊልም ለሁለት ተቆርጦ ሁለተኛው ግማሽ «ክፍል 2» ተብሎ ሲጫን፣ ተመልካቹ የግማሽ ፊልም ቅር መሰኘቱን በተከታይ ፊልሞች ሁሉ ላይ ቢያሳብብ አይፈረድበትም።

የተሳሳተ አመለካከት፦ «ክፍል ሁለት ሁልጊዜ ከመጀመሪያው ያንሳል»

እውነታው፦ ብዙ ጊዜ ማነሱ አይካድም፤ «ሁልጊዜ» የሚለው ቃል ግን ልክ አይደለም። በቡና አገር ላለን ሰዎች ቶና ከአቦል መቅጠኑ የታወቀ ነው፤ የሚቀጥነው ግን በዚያው አተላ ላይ ውኃ ስለሚጨመርበት እንጂ ሁለተኛ በመሆኑ አይደለም። አዲስ ቡና ተወቅጦ ቢገባበት ኖሮ ማንም «ቶና ነው» ብሎ ባላጣጣለው ነበር።

ለዚህ ጥሩው ማስረጃ በ2011 የወጣው የሕንዱ «ታኑ ዌድስ ማኑ» እና በ2015 የተከተለው ክፍል ሁለቱ ነው። ዳይሬክተሩ አናንድ ራይ፣ ጸሐፊው ሂማንሹ ሻርማ፣ መሪ ተዋናዮቹ ካንጋና ራናውት እና ማድሃቫን በሁለቱም አልተለወጡም፤ ይሁንና ሁለተኛው በገቢ ከመጀመሪያው እጅግ በልጧል፤ ራናውትንም የሕንድን ብሔራዊ የፊልም ሽልማት በምርጥ ተዋናይትነት አሸልሟታል። ያሸለማት ደግሞ ታኑን ደግማ መጫወቷ ብቻ አይደለም፤ ታኑን በመልክ የምትመስል፣ በጠባይ ግን የማትገናኛትን ኩሱም የተባለች የስፖርት ሰው ጨምራ በመጫወቷ ነው። ኩሱም በአነጋገር ዘዬዋ፣ በአረማመዷ፣ በፀጉር አቆራረጧ ሳይቀር ከታኑ ትለያለች፤ ሁለቱ ሴቶች ፊት ለፊት ሲገናኙ ተመልካቹ የአንድ ሰው ሥራ መሆኑን ይረሳል። በመጀመሪያው ፊልም ውስጥ ይህ ሁሉ አልነበረም።

የ2008ቱ «ማማ ሚያ!» እና የ2018ቱ ተከታዩም ሌላ ምሳሌ ናቸው። ብዙ ሃያሲያን ሁለተኛውን የተሻለ ብለውታል፤ እኔም እስማማለሁ። በመጀመሪያው ፊልም ሁሉን ያንቀሳቅሱ የነበሩት እናት በሁለተኛው በሕይወት የሉም። ልጃቸው እርሳቸው ያለሙትን የእንግዳ ማረፊያ ስታስመርቅ፣ ፊልሙ እየተመላለሰ የእናትየውን ወጣትነት ይተርካል። ሳቅና ዘፈን በበዛበት ፊልም ውስጥ ሐዘን መጨመር ድፍረት ይጠይቃል።

የተሳሳተ አመለካከት፦ «ከሠርግ በኋላ የሚነገር የፍቅር ታሪክ የለም»

እውነታው፦ ከሁሉም የሚገርመኝ ይህ አመለካከት በእኛው መካከል መሰማቱ ነው። ሽምግልናው፣ ሠርጉ፣ መልሱ፣ ቅልቅሉ ካለፈ በኋላ የሚመጣውን የአማቾች ጣጣ፣ ባልና ሚስት ተኳርፈው ሽማግሌ የሚቀመጥበትን ቀን እያወቅን፣ ታሪኩ በሠርግ አለቀ ማለት አይገባንም ነበር። የፍቅር ኮሜዲ መጀመሪያውን ፊልም «ይጋቡ ይሆን?» በሚል ጥያቄ ላይ ስለሚያቆም፣ ጥያቄው ሲመለስ ለጸሐፊው ሁለት መንገድ ይቀረዋል፤ ወይ የተጣመሩትን በሰበብ አለያይቶ ያንኑ ጥያቄ እንደገና መጠየቅ፣ ወይ አዲስ ጥያቄ ማንሣት።

የመጀመሪያው መንገድ ቀላል ነው፤ ሥራውን የሚያበላሸውም እርሱ ነው። በ2000 የወጣው «ሚስ ኮንጂኒያሊቲ» ሁለቱን የአሜሪካ ፌዴራል ምርመራ ቢሮ (ኤፍ.ቢ.አይ.) ባልደረቦች አቀራርቦ ሲያበቃ፣ የ2005ቱ ተከታይ ግን ፍቅረኛውን በስልክ «በቃን» አሰኝቶ ከታሪኩ አስወጥቶታል። ተመልካቹ በመጀመሪያው ፊልም ሙሉ የተመኘው ነገር በአንድ ጥሪ ሲሰረዝበት ለቀሪው ልቡን ቢነፍግ አይደንቅም። «ታኑ ዌድስ ማኑ» ክፍል ሁለት ደግሞ ሁለተኛውን መንገድ ይዟል። ፊልሙ የሚጀምረው ከጋብቻው አራት ዓመት በኋላ ለንደን ውስጥ ነው፤ ባልና ሚስቱ በአእምሮ ሕክምና ተቋም ባለሙያዎች ፊት ተቀምጠው በየተራ ይካሰሳሉ፤ ክሱ እየጋለ ሄዶ ባልየው ራሱን መቆጣጠር ሲያቅተው ሐኪሞቹ እርሱን ያስቀሩታል፣ ሚስት ብቻዋን ወደ ሕንድ ትመለሳለች። ትዕይንቱ ያስቃል፤ ነገር ግን ክሱ ውስጥ ያለው መሰላቸት እውነተኛ በመሆኑ የመለያየቱ ምክንያት የተፈበረከ አይመስልም።

በሪቻርድ ሊንክሌተር የተሠሩት ሦስት ፊልሞች፣ «ቢፎር ሰንራይዝ»፣ «ቢፎር ሰንሴት» እና «ቢፎር ሚድናይት»፣ ከኮሜዲ ይልቅ ወደ ድራማ ያዘነብላሉ፤ ሆኖም ለዚህ ነጥብ ከእነርሱ የተሻለ ምስክር አላገኘሁም። ጥንዶቹ በመጀመሪያው በቪየና ይተዋወቃሉ፣ በሁለተኛው በፓሪስ ይገናኛሉ፣ በሦስተኛው መንታ ሴቶች ልጆች ወልደው ግሪክ ውስጥ በአንድ የሆቴል ክፍል ይጣላሉ። ሁለተኛውና ሦስተኛው ለኦስካር በድርሰት ሲታጩ፣ የመጀመሪያው ይህን ዕድል አላገኘም።

የተሳሳተ አመለካከት፦ «የምንወዳቸው ተዋናዮች ከተመለሱ በቂ ነው»

እውነታው፦ የ2001ዱ «ብሪጅት ጆንስስ ዳያሪ» ሦስት መሪ ተዋናዮች በ2004ቱ ተከታይ ሁሉም ተመልሰዋል፤ የሁለቱ ወንዶች አስቂኝ ድብድብ እንኳ ከመንገድና ከምግብ ቤት ወደ መናፈሻ ሰው ሠራሽ ፏፏቴ ተዛውሮ ተደግሟል። ፊልሙ ግን በሃያሲያን ክፉኛ ተነቅፏል። በ2016 የወጣው ሦስተኛው ክፍል ደግሞ ከሁለቱ ወንዶች አንዱ የሆነው ሂዩ ግራንት ሳይኖርበት ከሁለተኛው የተሻለ አቀባበል አገኘ፤ የመጀመሪያውን የሠራችው ዳይሬክተር ሻረን ማጓየር ወደ ሥራው የተመለሰችውም በዚሁ ነው።

የተሳሳተ አመለካከት፦ «ገቢው ጥራቱን ይነግረናል»

እውነታው፦ ከላይ የተነቀፈው የ2004ቱ ፊልም በዓለም ዙሪያ ከ260 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገብቷል፤ ይህም ከመጀመሪያው እምብዛም አይርቅም። የተመሰገነው ሁለተኛው «ማማ ሚያ!» ግን 400 ሚሊዮን ገደማ ሲያስገባ፣ መጀመሪያው ከ600 ሚሊዮን በላይ አስገብቶ ነበር። የክፍል ሁለት ትኬት በአብዛኛው የሚሸጠው በክፍል አንድ ትዝታ ስለሆነ፣ ገቢው ስለ ቀደመው ፊልም የሚናገረው ስለ ራሱ ከሚናገረው ይበልጣል።

የተሳሳተ አመለካከት፦ «ቶሎ ካልወጣ ይቀዘቅዛል»

እውነታው፦ በሊንክሌተር ፊልሞች መካከል ያለው ርቀት ዘጠኝ ዘጠኝ ዓመት ነው፤ አልቀዘቀዙም። በሌላ በኩል በ5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተሠርቶ ከ360 ሚሊዮን በላይ ያስገባው የ2002ቱ «ማይ ቢግ ፋት ግሪክ ዌዲንግ» ክፍል ሁለቱን ያገኘው ከ14 ዓመት በኋላ ሲሆን፣ ገቢው ወደ 90 ሚሊዮን ወርዷል። ይህን የዓመታቱ ብዛት ብቻ ያመጣው አይመስለኝም። ፊልሙ ዓመታቱ የወለዱት ጥሩ ሐሳብ በእጁ ነበረው፤ ሽማግሌዎቹ ወላጆች የጋብቻ ወረቀታቸውን ቄሱ እንዳልፈረሙበት ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ ያውቃሉ፣ እናትየውም «እንግዲያው እንደ ወጉ ጠይቀኝ» ብለው ባላቸውን ያስጨንቃሉ። ታሪኩ በሙሉ በእነዚህ ሁለት አዛውንት ላይ መቆም ሲችል፣ አባትየው ለማንኛውም ቁስል የመስታወት ማጽጃ የሚረጩበትን የድሮ ቀልድ ወደ መድገም ተመልሷል።