የተቀናጀ ማዳበሪያ ለነጭ ሽንኩርት

የተቀናጀ የማዳበሪያ አጠቃቀም ኮምፖስትን ወይም በደንብ የበሰበሰ ፍግን ከፋብሪካ ማዳበሪያ ጋር በአንድ ማሳ ላይ መጥኖ መጠቀም ነው። ለመድኃኒትነት ከሚመረቱ ሰብሎች መካከል ይህ አሠራር የነጭ ሽንኩርትን ያህል የሚስማማው ጥቂት ነው። ሥሩ አጭርና እምብዛም የማይበትን በመሆኑ ምግቡን በዋናነት የሚያገኘው ከላይኛው 30 ሴንቲ ሜትር አፈር ነው፤ ስለዚህ ቶሎ የሚደርስለት ንጥረ ነገርም እርጥበት የሚይዝ ለስላሳ አፈርም ያስፈልገዋል።

የሁለቱ ማዳበሪያዎች ንጽጽር ረጅም ዕድሜ አለው። በእንግሊዝ ሮትሃምስቴድ በተባለ የግብርና ምርምር ጣቢያ ከ1843 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሚካሄደው የስንዴ ሙከራ፣ በየዓመቱ ፍግ የሚያገኘው አፈር የኦርጋኒክ ካርቦን መጠን የፋብሪካ ማዳበሪያ ብቻ ከሚያገኘው ከእጥፍ በላይ ደርሷል።

የነጭ ሽንኩርት መድኃኒትነት ግን ከድኝ ጋር የተያያዘ ነው። ተመራማሪዎቹ ካቫሊቶና ቤይሊ በ1944 እ.ኤ.አ. ያሳወቁት ባክቴሪያ ገዳይ ውህድ፣ አሊሲን፣ የሚፈጠረው ፍንካቹ ሲደቆስ አሊኔዝ የተባለው ኢንዛይም በፍንካቹ ውስጥ ያለውን አሊን የተባለ ውህድ ሲለውጠው ነው፤ እያንዳንዱ የአሊን ሞለኪውል ደግሞ አንድ የድኝ አቶም አለው። ከዩሪያና ከዳፕ (ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ከያዘው የፋብሪካ ማዳበሪያ) ይህ ነው የሚባል ድኝ አይገኝም። በድኝ ደሃ በሆነ አፈር ላይ በእነዚህ ብቻ የበቀለ ራስ ቢተልቅም ኃይሉ ይቀንሳል። በኮምፖስት ብቻ የበቀለው በመድኃኒትነቱ ይበልጣል የሚሉ አሉ፤ የጥናት ውጤቶቹ ግን አንድ ወጥ አይደሉም።

ስሌቱ ከኮምፖስቱ ይጀምራል። ለአንድ ሄክታር 100 ኪሎ ናይትሮጅን ታቀደ እንበል። 40 በመቶ እርጥበት ያለው 10 ቶን ኮምፖስት ሲደርቅ 6 ቶን ይሆናል፤ 1.5 በመቶ ናይትሮጅን ካለው በድምሩ 90 ኪሎ ይይዛል። በመጀመሪያው ወቅት አንድ አምስተኛው ቢለቀቅ 18 ኪሎ ይገኛል። 100 ኪሎ ዳፕ 18፣ 100 ኪሎ አሞኒየም ሰልፌት ደግሞ 21 ኪሎ ናይትሮጅንና 24 ኪሎ ድኝ ይጨምራሉ። የቀረውን 43 ኪሎ 94 ኪሎ ያህል ዩሪያ ይሸፍነዋል። የአፈር ምርመራ ካለ መጠኑ በእሱ ይስተካከላል።

ኮምፖስቱ ከተከላ 2 ወይም 3 ሳምንት በፊት ከላይኛው አፈር ጋር ይደባለቃል። ዳፑና አሞኒየም ሰልፌቱ በተከላ ጊዜ ከፍንካቹ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ራቅ ብለው ይቀበራሉ፤ ከነካኩት አዲሱን ሥር ያቃጥላሉ። ዩሪያው ለሁለት ተከፍሎ፣ ግማሹ ቡቃያው ሲጠነክር ቀሪው ራስ መቋጠር ከመጀመሩ በፊት ይሰጣል። አፈር ላይ ተበትኖ ከተተወ ናይትሮጅኑ አሞኒያ ሆኖ ይተናልና በኩትኳቶ ተሸፍኖ ውኃ ይጠጣል። ራስ መቋጠር ከጀመረ በኋላ የተጨመረ ዩሪያ ቅጠሉን ብቻ ያለመልማል፤ አንገቱ ወፍራም ሆኖ ይቀራል፣ አይደርቅም፣ በመጋዘንም ይበሰብሳል።

ያልበሰለ ኮምፖስት ሌላው ችግር ነው። ገለባ የበዛበት ከሆነ ተሕዋስያኑ የአፈሩን ናይትሮጅን ለራሳቸው ስለሚወስዱ ቡቃያው ዩሪያ እያለም ቢጫ ይሆናል። ትኩስ ፍግ ደግሞ የአረም ዘር ይዞ ይመጣል፣ የሽንኩርት ዝንብም ይስባል፤ የዝንቡ ትል የነጭ ሽንኩርቱን ራስ ከሥሩ በኩል ይበላዋል። ነጭ ብስባሽ በተባለው የፈንገስ በሽታ የተያዘ የነጭ ሽንኩርት ተረፈ ምርት ፈጽሞ ኮምፖስት ውስጥ አይግባ፤ የበሽታው ጥቃቅን ጥቁር እንክብሎች አፈር ውስጥ ከ20 ዓመት በላይ ሊቆዩ ይችላሉ።