የጀርባ ርዝመት ምንድን ነው? የአደን ቦርሳ ለምን በሊትር አይመረጥም

«ቁመቴ 1 ሜትር ከ85 ስለሆነ ከ70 ሊትር በታች የሆነ ቦርሳ አይሆነኝም።» ይህን አባባል ቁጥሮቹ እየተቀያየሩ ለዓመታት ሰምቼዋለሁ። ሰሞኑን ደግሞ አንድ አስተያየት ሰጪ ገንዘቡን ቆጥቦ የመጀመሪያ የአደን ቦርሳውን ለሚገዛ ወጣት እንደ ምክር ሲያቀርበው አነበብኩና ዝም ማለት አልቻልኩም። በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ የማይገናኙ ሦስት ነገሮች ተደባልቀዋል፤ የሰውየው ቁመት፣ የቦርሳው ይዞታ (በሊትር የሚለካው)፣ እና ቦርሳው ጀርባው ላይ በትክክል መቀመጥ አለመቀመጡ። ሥራዬ የጀርባ ቦርሳ መስፋትና መጠገን ስለሆነ የዚህ ምክር ውጤት ጠረጴዛዬ ላይ ይደርሳል፦ ከሥሩ የተዘነጠለ ማንገቻ፣ በአንድ በኩል ብቻ የተጨፈለቀ ቀበቶ፣ እና «ጥራት የለውም» ተብሎ የተወገዘ፣ ነገር ግን ጥፋቱ ለማይመጥነው ጀርባ መገዛቱ ብቻ የሆነ ቦርሳ።

የጀርባ ርዝመት ማለት ከአንገት ሥር ካለው ጉብታ እስከ ዳሌ አጥንት የላይኛው ጠርዝ ድረስ ያለው ርቀት ነው። አገጭዎን ወደ ደረትዎ ሲያቀረቅሩ ከኮሌታ በታች በጣት የሚዳሰሰው ጉብ ያለ አጥንት 7ኛው የአንገት አከርካሪ ነው፤ መለኪያው ከዚያ ይጀምራል። ከታች ደግሞ ሁለት እጆችዎን በጎንዎ በኩል የዳሌ አጥንትዎ ጠርዝ ላይ ያሳርፉ፤ አውራ ጣቶችዎ ወደ ኋላ ዞረው የሚጠቁሙት መስመር አከርካሪዎን የሚያቋርጥበት ቦታ መጨረሻው ነው። በሁለቱ መካከል ያለውን ርቀት ሌላ ሰው በልብስ ሰፊ ሜትር፣ የጀርባዎን ጉብጠትና ስርጉደት ተከትሎ ይለካልዎ። ብቻውን የሚለካ ሰው ወደ ኋላ ሲንጠራራ ጀርባው ስለሚታጠፍ የሚያገኘው ቁጥር አይታመንም። አብዛኛው አዋቂ ሰው ከ40 እስከ 55 ሴንቲ ሜትር ባለው ርቀት ውስጥ ይገኛል።

ቁመት ይህንን ቁጥር አይነግርም። ቆመው እኩል የሆኑ ሁለት ሰዎች ወንበር ላይ ሲቀመጡ አንዱ ከሌላው በልጦ ሊታይ ይችላል፤ የአንዱ ርዝመት ያለው እግሩ ላይ፣ የሌላው ጀርባው ላይ ነውና። እግረ ረጅሙ ሰውዬ ለቁመቱ ብሎ ትልቁን ልክ ሲገዛ የዳሌ ቀበቶው መቀመጫው ላይ ይወርድበታል፤ በእያንዳንዱ እርምጃም ጭኑን ይይዘዋል።

ፈረስ ያለው ሰው ኮርቻ ሲመርጥ «ከጎኑ የሚንጠለጠለው ኮረጆ ስንት ኪሎ ይይዛል?» ብሎ አይጀምርም። መጀመሪያ የሚያየው የፈረሱን ጀርባ ነው። ኮርቻው ከረዘመ ወገቡን ይመታል፣ ከጠበበ ትከሻውን ይቆነጥጣል፣ ከሰፋም አከርካሪው ላይ ተኝቶ ጀርባውን ይገጥበዋል። ኮረጆው በኋላ የሚታሰብ ነገር ነው፤ ሊሰፋም፣ ሊቀንስም፣ ሊቀየርም ይችላል። የአደን ቦርሳ ላይም ፍሬሙ (ከረጢቱ የሚታሰርበት ጠንካራ አጽም)፣ የዳሌ ቀበቶውና ማንገቻዎቹ ኮርቻው ናቸው፤ ከረጢቱ ኮረጆው ነው። ሊትር ብቻ አይቶ የሚገዛ ሰው ኮረጆ መርጦ ኮርቻው በራሱ ጊዜ እንዲገጥምለት የሚጠብቅ ነው። ልዩነቱ ፈረስ ሲቆረቁረው መንገራገሩ፣ አልሄድም ማለቱ ነው። ሰው ግን «ቦርሳ ከሆነ ማሳመሙ አይቀርም» ብሎ ራሱን ያሳምንና እስኪገጠብ ድረስ ይሄዳል። መሸከም ከባድ ነው፤ ማቁሰል ግን የለበትም፤ እነዚህ ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ሊትሩን በተመለከተ አስተያየት ሰጪው ያላሰበው ስሌት አለ። የአደን ቦርሳ አዳኙ የገደለውን እንስሳ ሥጋ ተሸክሞ የሚመለስበት ነው። አጥንቱ የወጣለት ሥጋ 1 ኪሎ ግራም በግምት 1 ሊትር ቦታ ይይዛል፤ ሥጋ አብዛኛው ውሃ ነውና። እንግዲህ 70 ሊትር ከረጢት ሥጋ ቢሞላ ወደ 70 ኪሎ ግራም ሊጠጋ ነው። ይህንን ተሸክሞ ቁልቁለት የሚወርድ ሰው ጉልበቱን እስከ ወዲያኛው ሊያጣ ይችላል። አንድ ጠንካራ አዳኝ በአንድ ጉዞ የሚሸከመው 30 ኪሎ ግራም ሥጋ በከረጢቶቹ መካከል የሚቀረውን ክፍተት ጨምሮ እንኳ 40 ሊትር አይሞላም። ሰፊ ይዞታ የሚያስፈልገው ለመኝታ ከረጢት፣ ለድንኳንና ለወፍራም ልብስ ነው፤ እነዚህ ሰፊ እንጂ ከባድ አይደሉም። ስለዚህ ሊትሩ የሚወሰነው ስንት ሌሊት ውጭ እንደሚያድሩ በማሰብ ነው። ጠዋት ወጥቶ ማታ የሚመለስ አዳኝ ፍሬሙ ከባድ የሚችል ትንሽ ቦርሳ ይበቃዋል፤ ሥጋውንም ከፍሬሙና ከከረጢቱ መካከል አስገብቶ በጠፍር ያጠብቀዋል። የአደን ቦርሳን ከተራ የተጓዥ ቦርሳ የሚለየው ዋናው ነገር ይኸው ከረጢቱ ከፍሬሙ ተነጥሎ ለሥጋ መደርደሪያ መክፈቱ ነው።

አሁን ወደ ልኩ ልመለስ፤ የሚያከራክረው እዚህ ላይ ነውና። የጀርባ ርዝመት የሚለካው ክብደቱ በዳሌ አጥንት ላይ እንዲያርፍ ነው። ቀበቶው የዳሌውን አጥንት ጠርዝ መሐል ለመሐል ይዞ፣ የላይኛው ግማሹ ከጠርዙ በላይ፣ የታችኛው ግማሹ ከጠርዙ በታች መሆን አለበት። አጥንቱ ጭነቱን ወደ እግር ያስተላልፋል፤ ትከሻ የሚቀርለት ጭነቱ ወደ ኋላ እንዳይወድቅ መያዝ ነው። የፍሬሙ ልክ ካጠረ ቀበቶው ሆድ ላይ ይወጣና ትንፋሽ ያሳጣል፤ ክብደቱም ወደ ትከሻ ይመለሳል። በትከሻ ላይ የሚጫን ማንገቻ ወደ ክንድ የሚወርዱትን ነርቮች ስለሚጫን ጣት ይደነዝዛል። ጣቱ የደነዘዘ አዳኝ ጠመንጃ መያዝ የለበትም። ቀበቶው ደግሞ ዝቅ ብሎ ከፊት ያለውን የዳሌ ጫፍ ሲጫን የጭኑ የውጭ ጎን ይደነዝዛል። ከሁለቱ አንዱ ከተሰማዎት ቆመው ያስተካክሉ፤ ቁጭ ብለው ካረፉ በኋላም ካልለቀቀዎት ሐኪም ይዩ።

አስተያየት ሰጪው «ረጅም ፍሬም ለረጅም ሰው ነው» ብሎም ነበር። ይህ ከመጀመሪያው ይልቅ ይጎዳል፤ እውነት ይመስላልና። የጀርባ ርዝመትና የፍሬም ቁመት ሁለት የተለያዩ መለኪያዎች ናቸው። የጀርባ ርዝመት ቀበቶው ካለበት ማንገቻው ከፍሬሙ እስከሚነሳበት ድረስ ያለውን ይወስናል። የፍሬም ቁመት ግን ከዚያ በላይ የሚቀጥል ነው፤ ከባድ ጭነት የሚሸከም ፍሬም የማንም ጀርባ ላይ ቢሆን ከትከሻ በላይ ትንሽ ከፍ ማለት አለበት። ምክንያቱ ከፍሬሙ አናት ተነስተው ወደ ማንገቻዎቹ የሚወርዱት ሁለት ቀጫጭን መወጠሪያ ጠፍሮች ናቸው። እነዚህ ጠፍሮች ከትከሻ ወደ ላይና ወደ ኋላ በ45 ዲግሪ አካባቢ ተወጥረው ሲቆሙ ማንገቻውን ከትከሻ ላይ ያነሱታል፤ የጭነቱን አናትም ወደ ጀርባ ይስቡታል። ፍሬሙ ከትከሻ እኩል ከሆነ ጠፍሮቹ አግድም ይተኛሉ፤ የቱንም ያህል ቢጎተቱ ማንገቻውን ወደ ኋላ ይጎትታሉ እንጂ አያነሱትም። ጀርባው አጭር የሆነ ሰውም ለሥጋ ሸክም ከትከሻው የሚያልፍ ፍሬም ያስፈልገዋል ማለት ነው። ይህ ጥቅም ግን የሚያስከፍለው ነገር አለ፦ ከፍ ያለ ፍሬም ለብሰው በደረትዎ ተኝተው ሲያነጣጥሩ የራስ ቅልዎን ከኋላ ይመታል፣ አንገትዎን ቀና ማድረግም ይከለክላል። ተኝቶ መተኮስ የሚያዘወትር ሰው ቦርሳውን አውልቆ መደገፊያ ማድረግን ይልመድ።

ክብደቱ ከጀርባ የሚርቅበት ርቀትም የልኩ አካል ነው። 30 ኪሎ ግራም ጭነት 10 ሴንቲ ሜትር ወደ ኋላ ቢርቅ የሚጨምረው ጉተታ 10 ኪሎ ግራም ዕቃ ከሰውነት 30 ሴንቲ ሜትር አርቆ ከመያዝ ጋር እኩል ነው። ሥጋው ከፍሬሙ ጋር ተጣብቆ በትከሻ አጥንቶች መካከልና ትንሽ ዝቅ ብሎ ይታሰር፤ ከከረጢቱ ሥር ወይም ከውጭ ኪሱ አይግባ።

የቀበቶው ዙሪያም ይታይ። የስፖንጁ ሁለት ጫፎች ከሆድ ፊት ተገናኝተው ከተነካኩ ማጥበቂያ ቦታ አልቀረም ማለት ነው፤ ጭነቱ ሲከብድ ይንሸራተታል። ጥቂት ጣቶች የሚያስገባ ክፍተት መኖር አለበት። ዳሌያቸው ከወገባቸው ጎልቶ ለሚሰፋ፣ በተለይም ለብዙ ሴቶች፣ ቀጥ ያለ ቀበቶ በላይኛው ጠርዙ ክፍት ይሆንና በታችኛው ይቆርጣል፤ ለእነርሱ ጫፎቹ ወደ ላይ ዘንበል ብለው የተሰፉት ይሻላሉ።

«በጀቴ ትንሽ ስለሆነ ልክ አላማርጥም» የሚለው ክርክር ከሁሉም ያሳዝነኛል። ልክ መለካት ገንዘብ አይጠይቅም። ይልቁንም ገንዘቡ ያነሰ ሰው ሁለተኛ ቦርሳ መግዛት ስለማይችል መለካት የሚያስፈልገው ከሁሉም በላይ እርሱ ነው። ውድ ቦርሳን የሚያስወድዱት ብዙውን ጊዜ እንደ ካርቦን ፋይበር ያለ ቀላል ፍሬም፣ የኪስና የዚፕ ብዛት፣ እና የታወቀ ስም ናቸው፤ ከእነዚህ አንዱም ቀበቶውን ዳሌ ላይ አያስቀምጥም። ገንዘቡ ወደ ፍሬሙና ወደ ቀበቶው ይሂድ፤ ከረጢቱ ተራ ይሁን። ከውጭ የሚታይ የአሉሚኒየም ቱቦ ፍሬም ብዙ ሰው እንደ ጊዜ ያለፈበት ዕቃ ይንቀዋል። አሜሪካዊው ዲክ ኬልቲ እ.ኤ.አ. በ1952 የአሉሚኒየም ፍሬም ያላቸውን ቦርሳዎች መሸጥ ከጀመረ ወዲህ ሐሳቡ ከባድ ጭነት ተሸክሟል፤ ዛሬም ያገለገለ የአሉሚኒየም ፍሬም በትንሽ ገንዘብ ሥጋ የሚያወጣ ዕቃ ነው። ጉድለቱ ሲነካካ መጮሁና ቁጥቋጦ መያዙ ነው፤ መገጣጠሚያዎቹን በጨርቅ መጠቅለል ድምፁን ይቀንሳል። የወታደር ትርፍ ዕቃ ሲገዙ ግን ይጠንቀቁ። አንዳንዱ ፍሬም ከጥይት ቀበቶ በላይ እንዲቀመጥ ታስቦ ስለተሠራ አጭር ነው፤ የዳሌ ቀበቶውም ለከባድ ሥጋ አይበቃም።

ስለ ጨርቅ ስለምጠየቅ አንድ ነገር ልበል። የክር ውፍረት የሚገለጽበት ዴኒየር የ9,000 ሜትር ክር ክብደት በግራም ነው። 1000 ዴኒየር ናይለን ከ500 ይልቅ መፋተግን ይችላል፤ ነገር ግን ይከብዳል፣ ቅርንጫፍ ሲነካውም ድምፁ ይጎላል። ለአደን እኔ የምመርጠው 500ውን ነው።

ከመግዛትዎ በፊት፣ ወይም መመለስ በሚቻልበት ጊዜ ውስጥ፣ ጭነው ይሞክሩት። ባዶ ቦርሳ ለሁሉም ሰው የሚስማማ ይመስላል። ብዙዎች አሸዋ ይጭናሉ፤ አሸዋ ግን ከሥጋ በጣም ስለሚከብድ 20 ኪሎው ትንሽ ቦታ ይዞ ከታች ይቋጠርና የተሳሳተ ስሜት ይሰጣል። ውሃ ለሥጋ ይቀርባል፤ 20 ሊትር ውሃ 20 ኪሎ ግራም ነው። በጀሪካን ወይም በጠርሙሶች ሞልተው፣ በብርድ ልብስ ጠቅልለው፣ ከፍሬሙ ጋር አጥብቀው ይሰሩት። ማሰሪያዎቹን ሁሉ ያላሉ፤ መጀመሪያ ቀበቶውን ዳሌዎ ላይ ያጥብቁ፣ ቀጥሎ ማንገቻዎቹን፣ ከዚያ የላይኞቹን መወጠሪያዎች፣ በመጨረሻም የደረት ማሰሪያውን። ከዚያ ማንገቻዎቹን ትንሽ ይልቀቋቸው። ክብደቱ ዳሌ ላይ ከቀረ ልኩ ገጥሟል፤ ቦርሳው ወደ ታች ከተንሸራተተ አልገጠመም። ግማሽ ሰዓት ያህል ደረጃ ይውጡ፣ ይውረዱ፣ ተንበርክከው ይነሱ። ጥይት አለመኖሩን ሁለት ጊዜ ያረጋገጡትን ጠመንጃ ትከሻዎ ላይ ያስደግፉ፤ ሰደፉ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ዘለበት ወይም ወፍራም ማንገቻ ካለ ዒላማዎ ይበላሻል።

ያገለገለ ቦርሳ ሲያዩ የቀበቶውን ስፖንጅ በአውራ ጣትና በአመልካች ጣት ይጭመቁት፤ ሁለቱ ጣቶች በስፖንጁ ውስጥ እርስ በርስ ከተዳሰሱ ስፖንጁ ሞቷል። ማንገቻው ከፍሬሙ የሚገናኝበት ስፌት ተደጋግሞ የተጠናከረ መሆኑን፣ የአሉሚኒየሙ ብየዳ ላይ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ አለመኖሩን ይዩ። ቀለሙ የገረጣ ናይለን ፀሐይ የበላው ስለሆነ ከሚታየው በላይ ደክሟል። የከረጢቱን ውስጥ ሲዳስሱት የሚያጣብቅና የሚከረፋ ከሆነ ውሃ የሚከላከለው ሽፋን እየፈረሰ ነው፤ እርሱን መመለስ አይቻልም። ደም የነካውን ጨርቅ በቀዝቃዛ ውሃ ይጠቡት፤ ሙቅ ውሃ ደሙን ያጋግረዋል። ዘለበት ይቀየራል፣ ስፖንጅ ይቀየራል፣ ቀበቶም በአዲስ ይተካል፣ የተዘነጠለ ማንገቻ ይሰፋል፤ ይህ ሁሉ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ጀርባዎ 46 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ማንገቻው 52 ላይ ተበይዶ የቀረ ፍሬም ግን ቢሰጡኝም አላስተካክለውም፤ ሻጩ ቢያራክሰውም እዚያው ይተዉት።