ሚስተር ቢን ሌላ፣ ሮዋን አትኪንሰን ሌላ

ሮዋን አትኪንሰንን፣ ማለትም ሚስተር ቢንን የሚጫወተውን እንግሊዛዊ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ እወደዋለሁ። ስለ እሱ በፌስቡክና በቴሌግራም የሚዞረው ወሬ ግን ይከነክነኛል፣ ብዙው ስህተት ነውና። (ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

በየጊዜው «ሞተ» ይባላል። አልሞተም። በ1955 ነው የተወለደው፣ በ2023 እንኳ «ዎንካ» ፊልም ላይ ቸኮሌት የሚያሸንፈው ቄስ ሆኖ ሠርቷል።

«ሚስተር ቢን ስንት መቶ ክፍል አለው» የሚሉም አሉ። 15 ብቻ ነው! ከ1990 እስከ 1995 ተሠርቶ አለቀ፤ የበዛ የሚመስለን ቴሌቪዥኖች እየደጋገሙ ስላሳዩን ነው፣ ካርቱኑም ቆይቶ በ2002 መጣ።

በጓጉንቸር የምትቆለፈው፣ ኮፈኗ ጥቁር የሆነችው ሚኒ የራሱ መኪና የምትመስላቸውም አልጠፉም። እሱ በ1997 የገዛው ማክላረን ኤፍ 1 ነው። ሁለቴ ተጋጭቶባት አስጠግኖ፣ በ2015 በ8 ሚሊዮን ፓውንድ ሸጣት።

«ኬንያ ላይ አውሮፕላን አሳረፈ» የሚለው ግማሹ እውነት ነው። በ2001 ከቤተሰቡ ጋር ለእረፍት ሄዶ በትንሽ አውሮፕላን ወደ ናይሮቢ ሲበሩ አብራሪው ራሱን ሳተ። አትኪንሰን አብራሪ አይደለም፣ ግን መሪውን ይዞ አውሮፕላኗን አየር ላይ አቆያት። ያሳረፋት ግን ነፍሱን ያወቀው አብራሪው ነው። ለእኔ ይሄም ይበቃል፣ ማጋነን አያስፈልገውም።

«ሰውየው በእውነትም ጅል ነው» ሲባል ደግሞ በጣም ይደንቀኛል። የመጀመሪያው ክፍል ላይ ፈተና የተቀመጠበትን አስታውሱ። ያጠናው ትሪጎኖሜትሪ፣ የወጣው ካልኩለስ መስሎት ይደነግጣል፣ የጎረቤቱን ወረቀት ለመስረቅ የማይሆነው የለም፣ ያጠናው ጥያቄ ግን እዚያው ፖስታው ውስጥ ነበር። ይህን የተጫወተው ሰው ኒውካስል ዩኒቨርሲቲ ኤሌክትሪካል ምህንድስና አጥንቶ፣ በዚያው ትምህርት ማስተርሱን ኦክስፎርድ የሠራ ነው። የሥራ ጓደኛው የሆነውን ጸሐፊ ሪቻርድ ከርቲስንም ያገኘው እዚያው ኦክስፎርድ ነው።

ከሁሉም በላይ ማረም የምፈልገው በየማነቃቂያ ቪዲዮው የሚነገረውን ነው፦ «ተብታባ ስለሆነ የትም አልቀጥር ሲሉት ንግግር የሌለበትን ሚስተር ቢን ፈጠረና ዝነኛ ሆነ።» መንተባተቡ እውነት ነው፣ ደብቆትም አያውቅም። ነገር ግን ራሱ እንደተናገረው ሌላ ሰው ሆኖ ሲጫወት ይለቀዋል። ደግሞስ መጀመሪያ የታወቀው በአንደበቱ አይደል እንዴ? ከ1979 ጀምሮ በቢቢሲ ቴሌቪዥን፣ በዜና ላይ በሚቀልድ ፕሮግራም ታየ፣ በ1981 ባፍታ የሚባለውን የእንግሊዞች የፊልምና የቴሌቪዥን ሽልማት ወሰደበት፤ ከዚያ ከ1983 እስከ 1989 «ብላክአደር» የሚባለው ድራማ ላይ በምላሱ ሰው የሚወጋ ገጸ ባሕርይ ሆኖ አገሬውን አሳቀ። ቢን በቴሌቪዥን ሲመጣ እኮ ሰውየው እንግሊዝ ውስጥ የታወቀ ነበር።

ዝምታው ምርጫ ነው። በ1987 ሞንትሪያል የኮሜዲ ፌስቲቫል ሲሄድ በእንግሊዝኛው ሳይሆን በፈረንሳይኛው መድረክ ላይ መድቡኝ አለ። ቋንቋው የማይገባው ሰው ይስቃል ወይ የሚለውን ማየት ፈልጎ ነው።

ይስቃል። እናቴ እንግሊዝኛ አትሰማም። ቢን መናፈሻ ቁጭ ብሎ ሳንድዊች የሚሠራበትን ስናይ፣ ዳቦውን በመቀስ ሲቆርጥ ዝም ብላ ታየው ነበር፣ ቅቤውን በባንክ ካርድ ሲቀባ ፈገግ አለች፣ ሰላጣውን አጥቦ ካልሲው ውስጥ ከትቶ እያወዛወዘ ውኃውን ሲያራግፍ ግን «ኤዲያ! ምን ጉድ ነው ይሄ ሰውዬ!» ብላ በነጠላዋ ጫፍ እንባዋን ጠረገች። ማንም አልተረጎመላትም።