ሬጀነሬሽን ምንድን ነው? ዶክተሩ ሞቶ አልተነሣም

«ዶክተሩ እንደገና ሞቶ ተነሣ» የሚል ጽሑፍ ሰሞኑን ለስንተኛ ጊዜ እንዳነበብኩ እንጃ። «ዶክተር ሁ» የእንግሊዝ የቴሌቪዥን ድራማ ነው፤ ዋና ገጸ ባሕሪው «ዶክተሩ» በጊዜ ውስጥ የሚጓዝ፣ ከሌላ ዓለም የመጣ ፍጡር ነው። ሊሞት ሲቃረብ ሰውነቱ በሌላ መልክ ይለወጣል፤ ሬጀነሬሽን የሚባለው ይህ ነው። ስለ ድራማው የሚጽፉ ሰዎች ግን አንዴ ትንሣኤ፣ አንዴ ዳግም ልደት ይሉታል። አንዱ አስተያየት ሰጪማ «ተዋናይ ሲለቅ የሚለጠፍ ማመካኛ ነው» ብሎ ጉዳዩን ዘግቶታል።

ማመካኛነቱን አልክድም። በ1966 (እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የመጀመሪያው ዶክተር ተዋናይ ዊልያም ሃርትኔል ጤናው ታውኮ ሥራውን መቀጠል ሲያቅተው፣ ዶክተሩ ታርዲስ በተባለችው የጊዜ መጓጓዣው ወለል ላይ ወደቀ፤ ፊቱም ተለውጦ ፓትሪክ ትራውተንን ሆነ። ነገር ግን አንድ ነገር ለምን እንደተፈጠረና ምን እንደሆነ የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። በድራማው ውስጥ ያኔ የተነገረው ቃል «መታደስ» ነበር። «ሬጀነሬሽን» የመጣው በ1974፣ ጆን ፐርትዊ ወደ ቶም ቤከር ሲለወጥ ነው።

ባዮሎጂ አስተማሪ ነኝና ሁለተኛው ቃል ይቆረቁረኛል። በእኛ ዘንድ ሬጀነሬሽን የጠፋ አካል መልሶ ሲበቅል ነው። የእንሽላሊት ጅራት ይበቅላል፤ እሱም ቢሆን በአጥንት ፋንታ ለስላሳ አጥንት ይዞ ነው። ጉበት ያድሳል ይባላል፤ የተቆረጠው ክፍል ግን አይመለስም፣ የቀረው ነው የሚያድግ። ሙሉ ሰውነቱ ሌላ መልክ ይዞ የሚወጣ ፍጥረት ከተፈለገ ቢራቢሮ ይቀርባል። ስለዚህ የአማርኛው «ታደሰ» ከእንግሊዝኛው ይሻላል፤ ስም አድርገን ብናወጣለትም ያምርበታል።

አሁን እርሾን አስቡ። ከቡሆው ላይ ተቀድቶ የሚቀመጠው ውኃ ለሚቀጥለው ሊጥ ይሆናል። ዱቄቱ አዲስ ነው፤ አንድ ጊዜ ማኛ፣ ሌላ ጊዜ ሰርገኛ፣ ሲቸግርም ማሽላ የተቀየጠበት። እንጀራው በመልክም በጣዕምም ይለያያል፤ እርሾው ግን ያው የቤቱ እርሾ ነው። የዶክተሩ እርሾ ትዝታው ነው። አዲሱ ዶክተር በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት የሚዘባርቀው ሊጡ ገና ኩፍ ስላላለ ነው። ድራማው ከ1989 እስከ 2005 ሲቋረጥና በመካከል በ1996 አንድ የቴሌቪዥን ፊልም ብቻ ሲታይ፣ እርሾው በቡሃቃው ጠርዝ ላይ ደርቆ ቆየ እንጂ አልተደፋም።

ያ አስተያየት ሰጪ ማስረጃ አለኝ ይላል። በ2009 የገና ክፍል ዴቪድ ቴናንት፣ መለወጥ እንደ ሞት እንደሚሰማውና ሌላ ሰው ተነሥቶ እንደሚሄድ ይናገራል። እውነት ነው፣ ይናገራል። ግን ከዚያው ንግግር ግማሹ ለምን ተቆረጠ? ዶክተሩ እዚያው ላይ፣ ሳይታደስ ከተገደለ በእርግጥ እንደሚሞት ያስረዳል። ሞት ሌላ፣ መታደስ ሌላ መሆኑን ባለቤቱ ራሱ ለይቶታል! «እንደ ሞት ይሰማኛል» ያለ ሰው ሞቷል ከተባለ፣ ጥርሱን የታመመ ሁሉ ሊቀበር ነው። በ2013 ደግሞ ማት ስሚዝ ሊለወጥ ሲል፣ ሰው ሁሉ በዕድሜው ውስጥ ሌላ ሌላ ሰው እንደሚሆንና የነበረውን እስካስታወሰ ድረስ ይህ ችግር እንደሌለው ተናግሯል።

በ1976 በድራማው የወጣው፣ ከአሥራ ሁለት ጊዜ በላይ መታደስ አይቻልም የሚለው ገደብስ? ትንሣኤ ቢሆን ኖሮ ማን ይቆጥረው ነበር? በ2013 ገደቡ ሲሞላ ሌላ ዙር ተሰጠው፤ እሱ የደራሲዎቹ ጣጣ ነውና አልከራከርበትም።

በ2023 ዶክተሩ ለሁለት ተከፍሎ ቴናንትም ኑቲ ጋትዋም ጎን ለጎን ሲቆሙ፣ «ታዲያ እውነተኛው የቱ ነው?» የሚል ጩኸት በረከተ። ጎረቤት ኩባያ ይዛ መጥታ እርሾ ስትወስድ ግን የትኛው ቤት እርሾ እውነተኛ እንደሆነ ጠይቆ የሚያውቅ የለም።