በስፖርት መኪና ወደ ኋላ ማየት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ስፖርት መኪና ውስጥ ገብታችሁ ወንበሩ ላይ ስትደላደሉ የፊት ለፊቱ እይታ ይማርካል። ቀና ብላችሁ የመሃሉን መስታወት ስታዩ ግን ነገሩ ይለወጣል። የሞተር ክዳን፣ ሁለት ወፍራም ምሰሶና በመካከላቸው የቀረች ቀጭን የመንገድ ቁራጭ ብቻ ታያላችሁ። ስለዚህ ጉዳይ ብዙ ይወራል። ከሚወራው ውስጥ ትክክል ያልሆነው ቀላል አይደለም፤ አንዳንዱም አደጋ ላይ የሚጥል ነው። አንድ በአንድ እንያቸው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

“የኋላ እይታውን ያጠፉት ለውበት ሲሉ ነው”

አንዳንዴ እውነት ነው። ኮርቬት የተባለው የአሜሪካ ስፖርት መኪና በ1963 ሲወጣ የኋላ መስኮቱ መሃሉ ላይ በቆመ ዘንግ ለሁለት የተከፈለ ነበር። ዘንጉን የፈለገው የዲዛይን ኃላፊው ቢል ሚቸል ነው። ኢንጂነሩ ዞራ አርከስ ደንቶቭ ደግሞ “ሹፌሩ ወደ ኋላ እንዳያይ ያደርገዋል” በሚል ተቃወመ። ያን ዓመት ሚቸል አሸነፈ። በ1964 ግን ዘንጉ ወጣና መስኮቱ አንድ ወጥ ሆነ።

አብዛኛውን ጊዜ ግን እይታውን የሚወስደው ሞተሩ ነው። ሞተር ከሹፌሩ ጀርባ ሲቀመጥ ቦታ ይፈልጋል። አየር ይፈልጋል። ሙቀቱ የሚወጣበት መንገድም ይፈልጋል። በ1966 የወጣው ላምቦርጊኒ ሚውራ ሞተሩ ላይ ጥቁር ርብራብ የተነጠፈበት ለዚህ ነው። በ1987 የወጣው ፌራሪ ኤፍ 40 ሞተሩን የሚሸፍነው ግልጽ ፕላስቲክ ነው። እሱም ቢሆን ሙቀት እንዲያስወጣ አግድም አግድም የተሰነጠቀ ነው። በእነዚያ ስንጥቆች መሃል የሚታየው መንገድ የተቆራረጠ ነው።

ቀጥሎ የአየር ጉዳይ አለ። ጣሪያው ወደ ኋላ ቀስ እያለ ካልወረደ አየሩ ከመኪናው ገላ ይላቀቅና ይበጠበጣል፤ መኪናውንም ወደ ኋላ ይጎትታል። ቀስ ብሎ የሚወርድ ጣሪያ ደግሞ የኋላ መስኮቱን ያጋድመዋል። መስኮቱ ረጅም ቢሆንም ተጋድሞ ስለተኛ ከሹፌሩ ዓይን ሲታይ ጠባብ ስንጥቅ ነው የሚሆነው። የኋላ ምሰሶዎቹም ያለምክንያት አልወፈሩም። መኪናው ቢገለበጥ ጣሪያው እንዳይደፈጠጥ፣ ኩርባ ላይም ገላው እንዳይጠማዘዝ ነው።

ዲዛይነሮቹም ችግሩን ያውቁት ነበር። ማርቼሎ ጋንዲኒ በ1968 ለኤግዚቢሽን በሠራት ካራቦ የተባለች መኪና ላይ በሩ ወደ ላይ እንዲከፈት ያደረገበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ሹፌሩ ወደ ኋላ ሲሄድ በሩን አንስቶ፣ ከወገቡ በላይ ወጣ ብሎ እንዲያይ አስቦ ነው። ያ በር በኋላ ወደ ላምቦርጊኒ ካውንታሽ ተሻገረ። ካውንታሽ በ1974 ለገበያ ስትቀርብ ጣሪያዋ መሃል ላይ ወደ ኋላ የሚሄድ ቦይ ነበራት። የታሰበው እንደ ሰርጓጅ መርከብ በፔሪስኮፕ፣ ማለትም በመስታወቶች እይታን ከፍ በሚያደርግ መሣሪያ፣ ከጣሪያ በላይ ለማየት ነበር። ሐሳቡ እንደታሰበው አልሆነም፤ ቆየት ብለው በወጡት ሞዴሎች ቦዩ ቀረ። የካውንታሽ ባለቤቶች መኪናዋን ወደ ኋላ ሲነዱ በሩን ከፍተው ደፉ ላይ የሚቀመጡት ወደው አይደለም።

“ተወዳዳሪ የኋላው አያሳስበውም”

ይህን አባባል ከልቤ እቃወመዋለሁ። ከኋላ ማን እንዳለ የማያውቅ ሹፌር ኩርባው ላይ መስመሩን የሚዘጋው በሌላ ሰው ላይ ነው። የራሱ ውድድር ብቻ ሳይሆን የሌላውም ሕይወት አለበት።

ታሪኩም ቢሆን ተቃራኒውን ነው የሚነግረን። በ1911 በመጀመሪያው የኢንዲያናፖሊስ 500 ውድድር ሌሎቹ ተወዳዳሪዎች ከጎናቸው መካኒክ ይዘው ነበር። የመካኒኩ አንዱ ሥራ ወደ ኋላ እያየ ማን እንደመጣ መንገር ነው። ሬይ ሃሩን ግን ማርሞን ዋስፕ በተባለችው ባለ አንድ ወንበር መኪና ብቻውን ገባ። ተፎካካሪዎቹ “አደገኛ ነው” ብለው ሲያማርሩ ከፊቱ ኋላውን የሚያሳይ መስታወት አስገጠመ። ውድድሩንም አሸነፈ። መስታወትን ለሹፌር ያሰበው እሱ የመጀመሪያው አይደለም። እንግሊዛዊቷ ሹፌር ዶሮቲ ሌቪት በ1909 ሴት አሽከርካሪዎች የእጅ መስታወት ይዘው የኋላቸውን እንዲያዩበት መክራ ነበር።

ሃሩን በኋላ እንደተናገረው የውድድሩ ሜዳ ጡብ ስለነበር መስታወቱ እየተንቀጠቀጠ ብዙም አላሳየውም። ይህ ችግር መቶ ዓመት ሙሉ አብሮ ኖሯል። በፎርሙላ 1 ቡድኖቹ ለአየር ፍሰት ይጠቅመናል ብለው ስፖኪዮውን ወደ መኪናው ዳር ሲያርቁት ምስሉ እየተንቀጠቀጠ ሹፌሮቹ ማየት ተሳናቸው። በ2010 ይህ አገጣጠም ተከለከለ። በ2023 ደግሞ የስፖኪዮው ወርድ ከ150 ወደ 200 ሚሊሜትር እንዲሰፋ ተደረገ። አየርን በሚሊሜትር የሚቆጥር ስፖርት ለእይታ ሲል 50 ሚሊሜትር ለቀቀ ማለት ነው።

በረጅም ርቀት ውድድር ጉዳዩ ይብሳል፤ ፈጣኑና ዘገምተኛው መኪና ሌሊቱን አብረው ይሮጣሉ። ኦዲ በ2012 የኋላ መስኮት በሌለው አር 18 ላይ ካሜራና ስክሪን ገጠመ። የኮርቬት ቡድን በ2013 ከኋላ የሚመጣውን መኪና ለይቶ በየትኛው ጎን እየቀደመ እንደሆነ በቀስት የሚያሳይ ራዳር ይዞ መጣ።

“በጎን ስፖኪዮ የራሴ መኪና ጎን መታየት አለበት”

ብዙዎቻችን መንዳት ስንማር የተነገረን ይህ ነው። ግን እስቲ አስቡት። የጎን ስፖኪዮው የራሳችሁን በር የሚያሳይ ከሆነ የቀረው ክፍሉ የሚያሳየው ቀጥታ ኋላችሁን ነው። እሱን ደግሞ የመሃሉ መስታወት አሳይቷችኋል። ሦስቱም መስታወቶች አንድ ቦታ እያዩ፣ አጠገባችሁ ያለው ረድፍ ሳይታይ ይቀራል።

ጆርጅ ፕላትዘር የተባለ ኢንጂነር በ1995 የሚከተለውን አስተካከል በስሌት አስደግፎ አቀረበ። ጭንቅላታችሁን በእናንተ በኩል ያለውን መስኮት እስኪነካ ድረስ አዘንብሉ። በዚያ እንዳላችሁ የመኪናችሁ ጎን ጫፉ ብቻ እስኪታይ ድረስ ስፖኪዮውን ወደ ውጭ ግፉት። ለሌላኛው ስፖኪዮ ደግሞ ወደ መኪናው መሃል አዘንብላችሁ ያንኑ አድርጉ። ቀጥ ብላችሁ ስትቀመጡ የራሳችሁ መኪና አይታይም። መጀመሪያ ላይ ግር ይላል። የሚቀድማችሁ መኪና ግን ከመሃል መስታወቱ ሲወጣ ስፖኪዮው ውስጥ ይገባል፤ ከስፖኪዮው ሲወጣ በዓይናችሁ ጥግ ይታያል። መሃል ላይ የሚጠፋበት ቦታ የለም ማለት ይቻላል።

አሁን ለስፖርት መኪና ዋናው ነገር ይመጣል፤ ይህን ብዙ መካሪ ይዘለዋል። ይህ አስተካከል የተመሠረተው የመሃሉ መስታወት ኋላውን በደንብ ያሳያል በሚል ነው። የእናንተ የኋላ መስኮት ስንጥቅ ከሆነ ይህ መሠረት የለም። የጎን ስፖኪዮዎቹ የራሳቸውንም የመሃሉንም ሥራ መሥራት አለባቸው። ስለዚህ ሙሉ በሙሉ ወደ ውጭ አትግፏቸው። የመኪናችሁ ጎን ቀጭን ሆኖ ይታይ፤ ረድፍ ከመቀየራችሁ በፊት ደግሞ አንገታችሁን አዙራችሁ እዩ። ሁለቱ አብረው ካልሄዱ ዋጋ የላቸውም።

ወንበሩም ሳይስተካከል ስፖኪዮ አይነካም። ጠፍጣፋ መስታወት ለቀረበው ዓይን ሰፊ ቦታ ያሳያል፣ ለራቀው ጠባብ። ወንበሩን ወደ ኋላ አስተኝቶ እጁን ዘርግቶ የሚነዳ ሰው እይታውን በራሱ ነው የሚያጠበው። ትከሻን የሚያቅፍ የውድድር ወንበር ያላችሁ ደግሞ አንገታችሁ እስከ የት እንደሚዞር መኪናው ቆሞ እያለ ፈትሹ።

“ጎበጥ ያለ ስፖኪዮ ይዋሻል፤ ዝርጉ ይሻላል”

ወደ ውጭ የጎበጠ መስታወት ነገሮችን ያሳንሳል። ያነሰ ነገር ደግሞ የራቀ ይመስላል። አሜሪካ ውስጥ በሹፌሩ በኩል ያለው መስታወት ዝርግ እንዲሆን ሕግ ያስገድዳል፤ በሌላው በኩል ያለው ከጎበጠ “በመስታወቱ የሚታየው ከሚመስለው ይቀርባል” የሚል ጽሑፍ ሊኖረው ግድ ነው። አውሮፓ ግን በሁለቱም በኩል የጎበጠውን ይፈቅዳል። የብዙዎቹ ውጫዊ ጫፍ በቀጭን መስመር ተለይቶ ይበልጥ የጎበጠ ነው። ያ ጫፍ መኪና መኖሩን እንጂ ርቀቱን ለማወቅ አይደለም።

የኋላ እይታው ለጠበበ መኪና የጎበጠው የተሻለ ይመስለኛል። ሰፊ ቦታ ያሳያል። ርቀቱን ለመለካት ግን የመሃሉን ዝርግ መስታወት ጨረፍ አድርጎ ማወዳደር ያስፈልጋል። እሱ ከተጋረደ የሚወዳደርበት የለም፤ ስለዚህ ከወትሮው የበለጠ ክፍተት ጠብቃችሁ ግቡ።

“ስፖኪዮው ባነሰ ቁጥር መኪናው ይፈጥናል”

ስፖኪዮ አየር ይገጫል፤ ከጠቅላላው የአየር ተቃውሞም ጥቂት በመቶ ይደርሰዋል። ግን ከመጠኑ ይልቅ ወሳኙ ቦታውና ቅርጹ ነው። በቀጭን ክንድ ከበሩ የራቀው በመሃል አየር ያሳልፋል። ክንዱ ከመጠን በላይ ከቀጠነ ደግሞ ምስሉ ይንቀጠቀጣል። የ1984ቱ ፌራሪ ቴስታሮሳ መጀመሪያ ሲወጣ አንድ ስፖኪዮ ብቻ ነበረው፤ እሱም የፊት ምሰሶው መሃል ላይ ከፍ ብሎ የተሰቀለ። የኋላ አካሉ እጅግ ሰፊ ስለሆነ ከዚያ አሻግሮ ለማየት ከፍታ ይፈልግ ነበር። በኋላ በሁለቱም ጎን፣ ዝቅ ብሎ ተገጠመ።

“ትልቅ ክንፍ የኋላውን ይጋርዳል”

እንደ ከፍታው ነው። ሹፌሩ ዝቅ ብሎ፣ ክንፉ ከፍ ብሎ ከተቀመጡ መንገዱ ከክንፉ ሥር ይታያል። ይበልጥ የሚያስቸግረው በዓይን መስመር ላይ የሚወድቀው መካከለኛው ነው። በ1989 የመጣው ፖርሽ 911 ስፖይለሩ፣ ማለትም የኋላ ክንፉ፣ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር አካባቢ ሲደርስ ብቻ ይነሣ ነበር፤ ከተማ ውስጥ ተኝቶ ይቆያል።

“ካሜራ ከመጣ ወዲህ ጉዳዩ አልቋል”

ካሜራ ብዙ ረድቷል፤ ይህን አልክድም። መኪናው ጀርባ ላይ ከፍ ብሎ ስለሚገጠም ሞተሩም ምሰሶውም አይጋርዱትም። ሞተሩ መሃል የሆነው ኮርቬት ሲ 8 የመሃሉን መስታወት ወደ ስክሪን የሚቀይር ካሜራ ማግኘቱ ትልቅ እፎይታ ነው። አስተን ማርቲን ቫልኪሪ ጭራሽ የኋላ መስኮት የለውም፤ የጎን ስፖኪዮውም ካሜራ ነው። ጃፓን ስፖኪዮን በካሜራ መተካትን በ2016 ፈቀደች፤ በ2018ም ሌክሰስ ኢ ኤስ በዚህ መልክ ለገበያ ቀረበ። አሜሪካ ውስጥ ግን ካሜራ ሕጉ የሚጠይቀውን የጎን መስታወት አይተካም።

ሆኖም ስክሪን መስታወት አይደለም። መስታወት ስታዩ ዓይናችሁ የሚያተኩረው ሩቅ ነው፤ ልክ መንገዱን እንደምታዩት። ስክሪኑ ግን ክንድ በሚደርስበት ርቀት ላይ ነው። ከመንገዱ ወደ ስክሪኑ ስትመለሱ ዓይን እንደገና ማስተካከል አለበት። የቅርብ ማንበቢያ መነጽር ለሚያስፈልገው ሰው ይህ ከባድ ነው። በመስታወት ራሳችሁን ትንሽ ስታንቀሳቅሱ የሚታየው ቦታ ይቀየራል፤ ስክሪን ላይ ምንም አይቀየርም። ርቀትን መገመትም ይከብዳል። ሌንሱ ላይ ጭቃ ወይም የዝናብ ጠብታ ካረፈ ደግሞ ምስሉ ይበላሻል።

እንዲህ ያለ መኪና ስትሞክሩ በቀን ብቻ አትሞክሩት። ሲመሽም ንዱት፤ ከኋላ መብራት ሲበራባችሁ ስክሪኑ ምን እንደሚመስል እዩ። ከዚያ ከመሃል መስታወቱ ሥር ያለችውን ማንሻ ገፍታችሁ ወደ ተራ መስታወትነት መልሱት። ካሜራው ቢበላሽ የሚቀርላችሁ እይታ ያ ነው። ከሞላ ጎደል ምንም ካልታየ የጎን ስፖኪዮዎቹን ለሁለቱም ሥራ እንዲመቹ አስተካክላችሁ፣ መኪና በሌለበት ሰፊ ሜዳ ላይ ወደ ኋላ መንዳትን ተለማመዱ።